በሰው ፊት የጠጣሁት ውሃ

ሰው የተበደለውን ሲጽፍ ብዙ ጊዜ አንብቤያለሁ። እንዲህ አደረጉኝ፣ እንዲህ ነጠቁኝ የሚል ጽሑፍ ሞልቷል፤ እውነትም ነው፣ በዚያ ዘመን ያልተገፋ ማን ነበር። የበደለውን የሚጽፍ ግን ጥቂት ነው። እኔ ዛሬ የምተርክላችሁ የበደልሁትን ነው። ነገሩ ከቅዳሜ እስከ ዓርብ ያለ ነው፤ አንድ ሳምንት እንኳ አይሞላም። ስታነቡ እንዳትራሩልኝ አደራ እላለሁ። በኋላ እንደምታዩት፣ ያለ ቦታው የወደቀ ርኅራኄ ነው እስካሁን የሚያቃጥለኝ።

ዘመኑ የደርግ ነው። እኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። የደሴ ልጅ ነኝ፤ እናቴ ከፒያሳ ከፍ ብሎ ባለች ጠባብ ቤት ልብስ እየሰፋች ነው ያሳደገችኝ። በኬሚስትሪ ዲፕሎማ እንደያዝሁ ኮምቦልቻ ዳር፣ ወደ ደጋን በሚወስደው መንገድ፣ አንድ አነስተኛ የመንግሥት ፋብሪካ ውስጥ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ሆኜ ተመደብሁ። ፋብሪካው ዛሬ የለም፤ ስሙንም መጥራት አልፈልግም። ሥራው ባሕር ዛፍ ፈልጦ፣ ከትፎ፣ ከኮስቲክ ሶዳ ጋር በትልቅ የብረት ጋን መቀቀል ነበር። እንጨቱ ሲበስል ይሟሟና ለወረቀት መሥሪያ የሚሆን ልቁጥ ያለ ነገር ይወጣዋል። ከወዳጅ አገር የመጡት ባለሙያዎች ፐልፕ ይሉታል። እኛ ግን ገንፎ ነበር የምንለው። «ዛሬ ገንፎው ጓጉሏል»፣ «ገንፎው አልበሰለም» ስንባባል ያልሰማን ሰው ምግብ ቤት የምንሠራ ይመስለው ነበር።

ገንፎው ከተጣራ በኋላ የሚተርፈው ፈሳሽ ጥቁር ነው። የተቀቀለ ቅጠልና የሳሙና ሽታ አለው፤ በጣት ሲነኩት ያሙለጨልጫል፣ ሲቆይ ቆዳ ይልጣል። ይህ ፈሳሽ ከፋብሪካው ጀርባ በተቆፈረ ኩሬ ይጠራቀማል። ደንቡ እዚያው እየተጣራ እንዲቀር ነበር። ነገር ግን የምርት ዘመቻ ታውጆ ጋኑ ሳያቋርጥ ሲቀቅል ኩሬው በየሳምንቱ አፉ ድረስ ይሞላል። ያን ጊዜ መዝጊያው ይከፈትና ከታች ወደሚፈሰው ወንዝ ይለቀቃል። ከወንዙ ወዲህና ወዲያ ማዶ ገበሬዎች አሉ፤ ከብታቸውን የሚያጠጡት፣ እነሱም የሚጠጡት ከዚያው ነው።

ከገበሬዎቹ አንዷ ዘሐራ ትባላለች። ባሏ ከሞተ ቆይቷል። አንዲት ግራጫ ላም ነበረቻት። ኬሚካል የሚነካ ሠራተኛ በቀን አንድ ኩባያ ወተት ይገባዋል የሚል ደንብ ስለነበር ለላቦራቶሪው ወተት የምታመጣው እሷ ናት። በየማለዳው ቅሏን ይዛ ከበሩ ትደርስና «አስፋው ወንድምዓለም፣ እንዴት አደርህ፤ ዛሬስ ሳልህ ተሻለህ?» ትለኛለች። እኔም «ደህና ነኝ፣ እትዬ ዘሐራ» እላለሁ። ከዚህ ያለፈ ብዙ ንግግር አልነበረንም። ወተቷን ግን አንድ ዓመት ከመንፈቅ ጠጥቻለሁ።

ግንቦት ገብቶ ወንዙ ሲመነምን ከብት መታመም ጀመረ። መጀመሪያ ሁለት ፍየሎች ሞቱ፣ ከዚያ አንድ አህያ። ገበሬዎቹ ውሃውን ጠረጠሩ። ብዙዎቹ ከብታቸውን ከተራራው ሥር ወዳለ ምንጭ መንዳት ጀመሩ፤ መንገዱ ደርሶ መልስ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ለአውራጃው አቤት ሊሉ ነው የሚል ወሬ ሲሰማ ሥራ አስኪያጃችን ጓድ ተሾመ ቢሮው አስጠራኝ።

«ጓድ አስፋው፣ ውሃው እንዴት ነው?» አለኝ።

«ኩሬውን በለቀቅን በሁለት በሦስት ቀን ውስጥ መርዝ ነው ማለት ይቻላል። ከዚያ እየጠራ ይሄዳል።»

«አሁንስ?»

«አሁን አራት ቀን ሆኖታል። ለከብት እጠራጠራለሁ። ለሰው አልመክርም።»

እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አንከባለለ።

«ቅዳሜ ገበሬዎቹን ወንዙ ዳር እንሰበስባለን። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበርም ይገኛል። አንተ በሳይንስ ታስረዳቸዋለህ። ከዚያ በፊታቸው ከወንዙ ቀድተህ ትጠጣለህ።»

«ጓድ፣ ያንን ውሃ አልጠጣም።»

«እንዴት እንደምትጠጣው አንተ ታውቃለህ» አለኝ። «ኬሚስቱ አንተ ነህ።»

ከዚያ መሳቢያውን ከፍቶ አንድ ፎርም አወጣ። አውቀዋለሁ፤ እኔው ራሴ የሞላሁት የውጭ አገር የነጻ ትምህርት ማመልከቻ ነበር። የሚጎድለው የእሱ ፊርማ ብቻ ነው። አሳየኝና መልሶ አስገባው። ስለ ፎርሙ አንድ ቃል አልተናገረም። ልወጣ ስል ብቻ፣ «ኩሬው ክረምት ሳይገባ አይከፈትም። በዚህ አትጨነቅ» አለኝ።

ኩሬው በየሳምንቱ እንደሚሞላ እያወቅሁ ይህችን የመጨረሻዋን ቃል እንደ ምርኩዝ ያዝኋት። ኩሬው ካልተከፈተ ውሃው በሁለት በሦስት ቀን ይጠራል። ስለዚህ እኔ የምመሰክረው ውሸት አይደለም፤ ጥቂት ቀን የቀደመ እውነት ነው ብዬ ራሴን አሳመንሁ። ሰው ራሱን ለማታለል ሲነሣ የሚያህለው ጠበቃ የለም። የሁለቱን ጠርሙስ ነገር ማንም አልነገረኝም። እኔው ነኝ ያሰብሁት።

ቅዳሜ ጠዋት ሁለት እኩል ጠርሙሶች ወሰድሁ። አንዱን ከፋብሪካው በላይ፣ ንጹሕ ውሃ ከምንስብበት ቦታ ሞላሁና በነጩ ጋዋኔ ሰፊ ኪስ ውስጥ አስገባሁት። ሌላውን ባዶውን በእጄ ያዝሁ።

ወንዙ ዳር መቶ የሚሆን ሰው ተቀምጦ ነበር፤ ወንዶቹ ከፊት፣ ሴቶቹ ከኋላ። ጠመንጃ የያዙ ሦስት ሚሊሻዎች ዳር ቆመዋል። ጓድ ተሾመ ስለ ምርት ዘመቻው፣ አገር ወረቀት ከውጭ መግዛቷን ስለምታቆምበት ቀን ተናገረ። ሊቀመንበሩ ቀጠለና በውሃው የሚያመካኙ ሰዎች ከኋላቸው ማን እንዳለ ይጣራል አለ። የዚህ ዓይነት ቃል ያን ጊዜ ምን ማለት እንደሆነ የኖረ ያውቀዋል።

ቀጥሎ እኔ ቆምሁ። ስለ አሲድና ስለ አልካሊ፣ ውሃ እየሄደ ራሱን እንዴት እንደሚያጠራ ተናገርሁ። ማንም ያልገባው ነገር ነው፤ እንዲገባቸውም አልፈለግሁም። ስጨርስ ሼህ ይማም ቀስ ብለው ተነሡ። በአካባቢው የተከበሩ፣ በሰባዎቹ ውስጥ ያሉ ሽማግሌ ናቸው። አንድ ልጃቸው በብሔራዊ ውትድርና ሰሜን ነበር።

«ልጄ» አሉኝ፣ «የተማርህ ነህ፤ የነገርኸንን አናውቀውም። እኛ የምናውቀው መቅመስ ነው። አንተ ትጠጣዋለህ?»

«እጠጣዋለሁ» አልሁ።

«እንግዲያ ቅዳ። እኔ አብሬህ ልውረድ፤ ሰው ምስክር ይሁን።»

ይህን አልጠበቅሁም። እሳቸው በትራቸውን ተመርኩዘው ከኋላዬ መውረድ ጀመሩ። ቁልቁለቱ ጠጠር የበዛበት ነው፤ መሐል ላይ ሲደርሱ ቆሙ፤ ጉልበታቸው እንቢ አላቸው መሰለኝ። እኔ ታች ደርሼ ጀርባዬን ለሕዝቡ ሰጥቼ አጎነበስሁ። ባዶውን ጠርሙስ ነክሬ አረፋውን ወዲያ ወዲህ አልሁት። ከዚያ ጋዋኔን እንደ መሰብሰብ ብዬ የወንዙን ውሃ አፈሰስሁና ጠርሙሱን ኪሴ አስገብቼ የሞላውን አወጣሁ። ቀና ስል ዓይኔ ከሼህ ይማም ዓይን ጋር ተጋጨ። ፊታቸው ላይ ምንም አላነበብሁም። ዘወር ብለው ዳገቱን መውጣት ጀመሩ።

ወጥቼ በሕዝቡ ፊት ከጠርሙሱ በብርጭቆ ቀዳሁ። ለፀሐይ አሳየሁት። ጠጣሁት። ደገምሁ። ከወንዶቹ መካከል ማጉረምረም ተሰማ፤ ከዚያ አንዱ ሳቀ፣ ሌላውም ተከተለ፤ የጨነቀው ሰው ሲቀለው የሚስቀው ዓይነት ሳቅ። «ምን ይላሉ፣ ሼህ ይማም?» አለ ሊቀመንበሩ። እሳቸው መሬት መሬት አዩ።

«ጠጥቷል» አሉ። ሌላ አልተናገሩም።

ሰው ሲበተን ዘሐራ ወደ እኔ መጣች። ሻሿን አስተካክላ ፈገግ አለች።

«እፎይ አሰኘኸኝ፣ ወንድምዓለም። ይኸው አሥር ቀን ያቺን ላም ምንጭ ድረስ ስነዳት፤ እርጉዝ ናት፣ ዳገቱ አደከማት። ነገ ከዚሁ አጠጣታለሁ። አንተ የጠጣኸው እሷን ምን ያደርጋታል?»

አፌን ከፈትሁ። «ሁለት ቀን ቆዪ» ማለት ይበቃ ነበር። ሦስት ቃል ነው። ጓድ ተሾመ አጠገቤ ቆሞ ትከሻዬን ይመታ ነበር። እኔም «ደህና ይሆናል፣ እትዬ ዘሐራ» አልኋት።

በዚያው ዕለት ከሰዓት በአውቶቡስ ደሴ፣ እናቴ ዘንድ ወጣሁ።

በማግስቱ እሑድ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ግድም ፒያሳ ሻይ ቤት ተቀምጬ ሳለሁ የፋብሪካችን ሾፌር ግርማ ገባ። ለእንግዳ ማረፊያ ሆቴል ሊይዝ እንደመጣ ነገረኝ።

«ምን እንግዳ?» አልሁት።

«አልሰማህም? ነገ ከአዲስ አበባ ተቆጣጣሪዎች ይመጣሉ። ግቢው እየተጸዳ ነው። ኩሬውም እንዲህ ሞልቶ ከታየ ጉድ ይፈላል ተብሎ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይከፈታል።»

«ሙሉው?»

«እስከ ጭቃው። ምነው? ፊትህ ተለወጠ።»

ግርማ በአራት ሰዓት ተኩል ወደ ኮምቦልቻ ተመልሶ ይወርድ ነበር። «ትሄዳለህ?» አለኝ። እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ እንድታዩኝ እፈልጋለሁ። መኪና ከፊቴ ቆሟል። የሐረጎን ቁልቁለት ወርደን ኮምቦልቻ ለመድረስ አንድ ሰዓት እንኳ አይፈጅም። ከስድስት ሰዓት በፊት ዘሐራ ደጅ እቆም ነበር። ደርሼ የምናገረው ግን ምንድን ነው? «ትናንት የጠጣሁት ሌላ ውሃ ነው» ማለት አለብኝ። ሌላ መላ ፈለግሁ። ላሟን ያጠጣቻት በማለዳ ይሆናል፤ እንግዲያ አሁን ብሄድ ምን ይፈይዳል? ደግሞ ማን ያውቃል፣ ግርማ የሰማው ወሬ ይሆናል።

«እናቴ ምሳ እየጠበቀችኝ ነው» አልሁት። ግርማ ሄደ።

እናቴ ዘንድ ምሳ ቀረበ። አንድ ሁለት ጎርሼ ተውሁ። እናቴ ልብሷን እየሰፋች ታየኛለች። «ምን ሆነሃል?» ስትለኝ ራሴን አመመኝ አልኋት። ሰዓቱ ሰባት ሆነ፤ ሰባት ተኩል ሆነ። ስምንት ሰዓት ላይ ከተቀመጥሁበት ተነሣሁና ምንም ሳልናገር ወጣሁ። አውቶቡስ ተራ ስደርስ የነበረው መኪና ግማሹ እንኳ አልሞላም። ሾፌሩን ለመንሁት፤ «ሳይሞላ አልነቃነቅም» አለኝ። ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ላይ ተንቀሳቀስን። ሐረጎ ላይ ከፊታችን አንድ የጭነት መኪና እያቃሰተ ሲሄድ አውቶቡሳችን ከኋላው ተጎተተ። የእጅ ሰዓቴን ባላይ ይሻለኝ ነበር፤ ግን ዓይኔን ከእሱ ማንሣት አልቻልሁም።

ኮምቦልቻ ስወርድ አሥር ሰዓት ሊሆን ነው። ወንዙን ተከትዬ ሮጥሁ። ገና ሳልደርስ ሽታው አገኘኝ። ውሃው ጥቁር ነበር፤ ከዳር እስከ ዳር ቡናማ አረፋ ተኮፍሶበት ይሄዳል። ሁለት ሰዎች ከብቶቻቸውን እየመቱ ከወንዙ ያርቃሉ፤ ጥቁሩን ውሃ ካዩ ነጋሪ አላስፈለጋቸውም። ልቤ ትንሽ ተመለሰች። ሁሉም አይቶ ሸሽቶ ይሆናል ብዬ።

የዘሐራ ጎጆ ከወንዙ መታጠፊያ አጠገብ ናት። ስደርስ ላሟ ደጁ ላይ በጎኗ ተጋድማለች። ምላሷ ወጥቷል፣ አፏ በአረፋ ተሸፍኗል፤ ሆዷ እንደ ከበሮ ተነፍቷል። ዘሐራ አጠገቧ ተንበርክካ በቅል ንጹሕ ውሃ አፏ ውስጥ ለማፍሰስ ትሞክራለች። ላሟ ግን ሞታለች። እሷ ገና አልተቀበለችውም።

በኋላ እንደሰማሁት በማለዳ አላጠጣቻትም። ለምንጩ መንገድ አሥር ቀን ስለደከመች ላሟን በጠዋት ጥላ ሥር አሳርፋ፣ ከሰዓት ፀሐይ በረድ ሲል ነው ወንዝ ያወረደቻት። ላሟ እየጠጣች ሳለች ነው ጥቁሩ የደረሰባቸው፤ የተጠማ ከብት ደግሞ በዱላ ተመትቶም በቶሎ አይመለስም። ከግርማ ጋር ወርጄ ቢሆን ሦስት ሰዓት ያህል ይተርፈኝ ነበር።

ቀና ብላ አየችኝ። «አስፋው፣ እንኳን መጣህልኝ። አንተ ታውቅ የለ፤ እስቲ እያት፣ መድኃኒት የለህም?»

እንደ ሐኪም ተንበርክኬ የሞተችውን ላም ዳሰስኋት። አዎን፣ ይህንንም አድርጌያለሁ። ከዚያ «አልፋለች፣ እትዬ ዘሐራ» አልኋት። ራሷን ይዛ ተቀመጠች። አልጮኸችም። «ለቢላ እንኳ ሳትደርስ» አለች ብቻ።

ያን ዕለት ምንም ሳልናዘዝ ተመለስሁ።

ሰኞ ተቆጣጣሪዎቹ መጥተው ባዶውን ኩሬ አይተው አመስግነው ሄዱ። ሊቀመንበሩ ደግሞ ዘሐራ ደጅ ድረስ ሄዶ ላሟ የሞተችው በአባ ሰንጋ ነው ብሎ አወጀ። አባ ሰንጋ ማለት ምን እንደሆነ ለከብት አርቢ መንገር አያስፈልግም። ላሟ ከነቆዳዋ ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ተቀበረች። የዘሐራ ደጅ በእሾህ ታጠረ። ከእሷ ቤት ቅቤም እርጎም የሚገዛ ጠፋ፤ ጎረቤቶቿ እሳት መጫጫር እንኳ ተዉ። ከብቶቻቸውን ግን ወንዙ ሲጠራ እንደገና ያወርዱ ጀመር። ጥቁሩን ውሃ በዓይናቸው አይተውት የለም ወይ ትሉኝ ይሆናል። አይተውታል። ግን ኬሚስቱ ጠጥቶታል፤ ሊቀመንበሩም በሽታ ነው ብሏል።

ማክሰኞ ከሥራ ስወጣ ሼህ ይማም ከበሩ ፊት ለፊት ካለው ዋርካ ሥር ተቀምጠው ይጠብቁኝ ነበር።

«አሰላሙ አለይኩም» አልኋቸው፣ ክርስቲያን ብሆንም በአገሩ ወግ።

«ወአለይኩም ሰላም። ተቀመጥ፣ ልጄ።»

ተቀመጥሁ።

«ሁለት ጠርሙስ ነበረህ» አሉኝ።

ዓይኔን ወደ ፋብሪካው በር መለስሁ።

«አየሁህ። ከመሐል መንገድ የቆምሁት ጉልበቴ አሞኝ አይደለም፤ ስላየሁህ ነው። ከዚያ ወጥቼ ‹ጠጥቷል› አልሁ። ውሸት አልተናገርሁም፤ ጠጥተሃል። ምን እንደጠጣህ ግን አልተናገርሁም።»

«ለምን?» አልኋቸው።

«ልጁ ወጣት ነው፣ በሰው ፊት አላዋርደውም አልሁ፤ ለራሴ የነገርሁት እንዲያ ነው። እውነቱን ልንገርህ? ጠመንጃውን ፈራሁ። ሰሜን ያለ ልጅ አለኝ። ያን ዕለት ማታ የራሴን በሬዎች ወደ ምንጩ ነዳሁ። ለዘሐራ አልነገርሁም። የእሷ ሐቅ በእኔም አንገት አለ። ትልቁ ግን በአንተ ነው።»

«ምን ላድርግ፣ ሼህ ይማም?»

«መጀመሪያ ለእሷ ንገር። ቀጥሎ ለሰው። ስለ ፋብሪካው አንዳች አትናገር፤ ሥራ አስኪያጁን አታንሣ፤ እኛም እንድትታሰር አንፈልግም። ‹እኔ የጠጣሁት ሌላ ውሃ ነው፤ ላሟን አባ ሰንጋ አልገደላትም› በል። ይኼው ነው። እኔም አጠገብህ ቆሜ አይቻለሁ እላለሁ።»

አብረን ሄድን። ዘሐራ ከእሾሁ ጀርባ ወጣች። ደጇ ላይ ቆሜ ሁሉንም ነገርኋት፤ ጠርሙሱን፣ የግርማን መኪና፣ የእናቴን ምሳ ጭምር። መሐል ላይ አላቋረጠችኝም። ስጨርስ እግሯ ላይ ወደቅሁ።

«አፉ በዪኝ» አልኋት።

«ተነሥ» አለች። አልተነሣሁም። «ተነሥ እንጂ፣ አንተ ሰው።»

ተነሣሁ። ዓይኗ ደርቆ ነበር።

«ላሟ ሄዳለች፤ አሏህ የሰጠኝን አሏህ ወሰደው እላለሁ። አፉ ልልህም እችላለሁ። ግን በአደባባይ ዋሽተህ በጓዳ አፉ ይባላል? እኔን እኮ በሽታ ያለባት ብለው ሸሽተውኛል። ጎረቤቴ ሰላምታዬን ከሩቅ ነው የምትመልሰው። ለእኔ የነገርኸኝን ለእነሱ ንገርልኝ። ያን ጊዜ አፉ እልሃለሁ።»

«እነግራለሁ» አልሁ። «መቼ?»

ሼህ ይማም መለሱ፤ «ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ። ሰው ሁሉ መስጊድ ደጅ ይሆናል። ሴቶቹም እንዲመጡ አስነግራለሁ።»

«እመጣለሁ» አልሁ፤ ማልሁም። ዘሐራ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ፈታ አለ። «አብሽር እንግዲህ» አለችኝ። ያን ማታ ከቅዳሜ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ደህና እንቅልፍ ተኛሁ። የምናገረውንም ወረቀት ላይ ጽፌ አጠናሁት። ከልቤ ነበር፤ ይህን እመኑኝ፣ ምንም እንኳ የማይጠቅም ቢሆን።

ሐሙስ ከሰዓት ጓድ ተሾመ አስጠራኝ። ፎርሙ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ተፈርሟል፣ ማኅተም አርፎበታል።

«ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት አዲስ አበባ ለቃለ መጠይቅ ትቀርባለህ። ቴሌግራሙ ዛሬ ነው የደረሰኝ። ግርማ አሁኑኑ ይወስድሃል።»

«ነገ?» አልሁ።

«ነገ። ካልቀረብህ ለሌላ ሰው ይሰጣል። ችግር አለ?»

ግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ አየሁ። ለሼህ ይማም መልእክት እልካለሁ፣ ለሚቀጥለው ዓርብ አደርገዋለሁ፣ ስመለስ እንዲያውም ተረጋግቼ እናገራለሁ፤ ይህ ሁሉ በአንድ ትንፋሽ በራሴ ውስጥ አለፈ።

«ችግር የለም» አልሁ።

መልእክት አልላክሁም። መኪናው ከፋብሪካው ወጥቶ ወደ አዲስ አበባ መንገድ ሲያቀና የሼህ ይማም ቤት ከመንገዱ ይታያል፤ ግርማን ለአምስት ደቂቃ አቁምልኝ ብለው ይቆምልኝ ነበር። ፊቴን ወደ ሌላው መስኮት አዞርሁ።

ቃለ መጠይቁን አለፍሁ። ጉዳዩ ሳያልቅ አትንቀሳቀስ ተብዬ አዲስ አበባ ቆየሁ፤ ከዚያ በቀጥታ ወደ ውጭ ሄድሁ። የተማርሁት፣ ካላመናችሁኝ አልፈርድባችሁም፣ የእንጨትና የወረቀት ኬሚስትሪ ነው። ፕሮፌሰሮቼ ጎበዝ ይሉኝ ነበር። ስለ ፍሳሽ አያያዝ የሚወጣ ፈተና ሲመጣ ከክፍሉ አንደኛ የምወጣው እኔ ነበርሁ።

ስመለስ መንግሥት ተለውጦ ፋብሪካው ተዘግቷል። ጋኑ ዝጓል፤ ኩሬው ውስጥ ሣር በቅሏል። ሌላ ፋብሪካ ሥራ ቢሰጠኝም አልተቀበልሁም። ደሴ ኬሚስትሪ አስተማሪ ሆኜ ጡረታ እስክወጣ ኖርሁ። ተማሪዎቼ ጥብቅ ነው ይሉኝ ነበር፤ በዓይኑ ያላየውን የሙከራ ውጤት የጻፈ ልጅ ከእኔ ምሕረት አያገኝም ነበር። ያን እያደረግሁ የምቀጣው ማንን እንደነበር እነሱ አያውቁም።

ከተመለስሁ በኋላ ወደዚያ አገር ለመሄድ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። ስሄድ ሼህ ይማም አርፈዋል። ዘሐራም የለችም፤ ያን ዓመት ክረምት ሳያልፍ ጎጆዋን ዘግታ ወደ እኅቷ አገር ሄዳለች፤ የት እንደሆነ በትክክል የሚያውቅ አላገኘሁም። የሼህ ይማምን ሴት ልጅ አገኘኋት። ማን እንደሆንሁ ነገርኋት። አልሰደበችኝም። ግቢ አስገብታ በርጩማ ሰጠችኝ።

«ያን ዓርብ እኔም ነበርሁ» አለችኝ። «ከሶላት በኋላ አባቴ ‹እንግዳ አለን፣ ቆዩ› ብሎ ሰው ሁሉ ቆየ። ዘሐራ አጥባ ያስቀመጠችውን ልብስ ለብሳ ከሴቶቹ ፈንጠር ብላ ተቀምጣ ነበር። ጠበቅን። ፀሐዩ በረታ። ሰው አንድ ሁለት እያለ ሄደ። አባቴ በመጨረሻ ያየውን ብቻውን ተናገረ፤ ግማሹ አመነው፣ ግማሹ ለጎረቤቱ አዝኖ ነው አለ። ሊቀመንበሩም በማግስቱ አስጠርቶት ሁለት ሳምንት አሰረው።»

ይህን አላውቅም ነበር። ራሴን በእጄ ያዝሁ።

«ዘሐራስ?» አልኋት።

«እሷ እስከ ከሰዓት በኋላው የአስር ሶላት ተቀምጣ ነበር። ሁሉም ከሄደ በኋላ እኔ ነኝ እጇን ይዤ ያስነሣኋት። ‹ይመጣል ብለሽ ነው?› አልኋት። በአንተ ክፉ አላሰበችም። መንገዱን መንገዱን እያየች ‹መኪና አጥቶ ይሆናል› አለችኝ።»